ሐዋሳ፣ ጽጌረዳ እና ሙዮን

በክረምት ወደ ሐዋሳ መውረድ እወዳለሁ። ሞጆን አልፎ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ የቆቃ ውኃ ሞልቶ ይታያል። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን በሣጥን ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ዝዋይ፣ የአሁኗ ባቱ፣ ሲደረስ ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈነው ሰፊ ሜዳ ይመጣል፤ የጽጌረዳ ግሪንሃውስ ነው። እስከ ዛሬ በአውቶብስ መስኮት ብቻ እያየሁ ነበር የማልፈው። ዘንድሮ ግን ግሪንሃውስ ውስጥ ልገባ ነው የሄድኩት። ታናሽ እህቴ ከሐዋሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የአበባ እርሻ ስካውት ናት።

ስካውት ማለት በየመደቡ እየዞረ በሽታና ተባይ የሚቆጥር ሠራተኛ ነው። የትኛው መደብ ይረጭ፣ በምን ይረጭ፣ መጋረጃው መቼ ይከፈት የሚወሰነው ስካውቱ በሚሞላው ቅጽ ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ሙዮን የሚባል ከአቶም ያነሰ ቅንጣት መፍረስ ላይ ነው። እሷ ስለ አበባ መበስበስ፣ እኔ ስለ ቅንጣት መፍረስ በስልክ ስናወራ ዓመታት አልፈዋል። እንዳየው የጋበዘችኝም እሷ ናት።

ከሻሸመኔ በኋላ መሽቶ ነበር። በማግሥቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ባጃጅ ይዘን ወጣን። ከሐይቁ የተነሣ ጉም መንገዱ ላይ ተኝቷል። እኔ ጉሙ አምሮብኝ አያለሁ፤ እሷ ፊቷ ተኮሳተረ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ውስጥ ስገባ ነው። ግሪንሃውሱ ይወብቃል። ከፕላስቲኩ ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ሌሊት ውጪው ሲቀዘቅዝ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ፕላስቲኩ ላይ ውኃ ይሆንና ወደ እምቡጡ ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ይቺ ጠብታ ናት ጠላቴ» አለችኝ።

በሽታው ቦትራይቲስ ይባላል፤ ግራጫ ሻጋታ ነው። ስፖሩ በአየር ይሄዳል፣ የትም አለ። ከ200 በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን ያጠቃል፤ እንጆሪውም ቲማቲሙም ወይኑም አይቀሩለትም። ግን ስፖር ብቻውን ምንም አያደርግም። አበባው ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ውኃ ወይም በጣም የታፈነ እርጥበት ይፈልጋል። ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ደስታው ነው። የሐዋሳ የክረምት ሌሊት ልክ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሥራ የጎን መጋረጃዎቹን ከፍቶ አየር ማስገባት ነው። ሁለተኛው ጽዳት ነው። ሴቶቹ ጆንያ ይዘው በየመደቡ የወደቀ ቅጠልና የደረቀ አበባ ይለቅማሉ፤ ፈንገሱ በሞተ ነገር ላይ ስለሚኖር መሬት ላይ የቀረች አንዲት ቅጠል የስፖር ፋብሪካ ናት። ለጎብኚ የማይታይ ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን ከመድኃኒቱ በላይ እርሻውን ያቆመው ይኸው ለቀማ ይመስለኛል።

መድኃኒቱም ቢሆን እንዲሁ አይረጭም። አንዱን ዓይነት ደጋግመህ ከረጨህ ፈንገሱ ይለምደዋል፤ አሠራራቸው የተለያየ መድኃኒቶችን እያፈራረቁ ነው የሚሄዱት። ደግሞ ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስለው ፓውደሪ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ እሱ እንደ ቦትራይቲስ ቅጠሉ እንዲረጥብለት አይፈልግም፣ እንዲያውም ውኃ ይጎዳዋል። አንዱን ስታባርር ለሌላው ትመቻለህ።

እህቴ አንድ ነጭ ጽጌረዳ ቆርጣ ከማጉያ መነጽር ጋር ሰጠችኝ። በዓይን ሳየው እንከን የለውም። በመነጽሩ ስጠጋ ግን ከውጪኛው የአበባ ቅጠል ጫፍ አጠገብ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ ሮዝ ነጠብጣቦች አየሁ። የእያንዳንዱ ጠርዝ ጠቆር ብሏል፣ መሀሉ ውኃ የቋጠረ ይመስላል። «ይሄ ዛሬ ቢታሸግ ኮልድ ሩም ያልፋል፣ ቦሌ ያልፋል» አለችኝ። «ሆላንድ ሣጥኑ ሲከፈት ነው ግራጫ ጸጉር አብቅሎ የሚገኘው።» ቦትራይቲስ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ጭራሽ ነጠብጣብ እንኳ ሳይኖር ውስጥ ተደብቆ የሚጓዝም አለ። እሱን ለማወቅ ናሙናውን በእርጥብ ፕላስቲክ አፍነው አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

ይህን ስትለኝ ትዝ ያለኝ ፊዚክሰኛው ፓውሊ ነው። ቤታ በሚባለው መፍረስ ከአቶም ኒውክለስ የሚወጣው ኤሌክትሮን ጉልበቱ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል፤ ሒሳቡ አይገጥምም ነበር። ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1930 የጎደለውን ጉልበት ይዞ የሚሄድ የማይታይ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። ሌላው ፊዚክሰኛ ፌርሚ ብዙም ሳይቆይ የመፍረሱን ቲዎሪ በዚያ ላይ ገነባ። ኒውትሪኖ የተባለው ያ ቅንጣት በሙከራ የተያዘው በ1956 ነው። ሳያዩ መኖሩን ማወቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እህቴ በደንብ ትረዳለች።

ከዚያ የቬዝ ላይፍ ክፍል ወሰደችኝ። የተቆረጡ ጽጌረዳዎች ገዢው ቤት እንዳሉ ተደርገው ማሰሮ ውስጥ ተደርድረዋል። በየቀኑ ስንት እንደጠወለገና እንደበሰበሰ ይመዘገባል። ቅጹን ሳየው ቆሜ ቀረሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶ ናቸው። ከዚያ አንድ ሁለት ይጀምራል፣ በኋላ በብዛት ይወድቃል። የዕድሜ መልክ ማለት ይኼ ነው። የትናንቱ አበባ ከዛሬው ጠንካራ ነበር፤ እያንዳንዷ ቀን ጥላበት የሄደችው ነገር አለ።

የሙዮን ቅጽ ቢኖር ግን ፍጹም ሌላ ነው። ሙዮን የኤሌክትሮን ከባድ ወንድም ነው፤ ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮች አየራችንን ሲመቱ ይወለዳል። መዳፍህን ዘርግተህ ብትቆም በየሰከንዱ አንድ ያህል ያልፍብሃል። አማካይ ዕድሜው የሰከንድ ሚሊዮንኛ 2.2 ነው። ከዚያ ኤሌክትሮንና ሁለት ኒውትሪኖ ሆኖ ይፈርሳል። ብዙ ሙዮን ሰብስበህ ብትቆጥር ባዶ ቀን የሚባል የለም። በብዛት የሚፈርሱት ገና ከመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ ቁጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። ረጅም ጊዜ የቆየው ሙዮን አሁን ከተወለደው አይለይም። አላረጀም፣ አልደከመም። የሚያረጅ ክፍል ውስጡ የለማ! የመፍረስ ዕድሉ በየቅጽበቱ አንድ ነው።

ተማሪዎቼ ሁሌ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። «ታዲያ ምን ነክቶት ፈረሰ?» ይሉኛል። ምንም አልነካውም ስላቸው አያምኑኝም። እህቴም አላመነችኝም። «ያለ ጠብታ የሚበሰብስ ነገር የለም» ብላ ተከራከረችኝ። ልክ ናት፣ በግሪንሃውሷ ውስጥ። የመፍረሱ ቲዎሪ ግን የትኛው ሙዮን መቼ እንደሚፈርስ አይናገርም፤ አማካዩን ብቻ ይናገራል። አማካዩን ግን ሲናገር አይስትም፤ እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ሄድን። አባ ኮዳዎቹ የአሳ ትርፍራፊ እየጠበቁ ከሰው እኩል ቆመዋል። እኔ በስካውቲንግ ቅጹ ጀርባ ስሌት ጀመርኩላት። ታው የሚባል ሌላ ቅንጣት አለ፤ መጠነ ቁሱ የሙዮን 16.8 እጥፍ ነው። ቲዎሪው የዚህ ዓይነቱ ዕድሜ በመጠነ ቁስ አምስተኛ ርቢ ያጥራል ይላል። 16.8 በአምስተኛ ርቢ ከ1.3 ሚሊዮን ይበልጣል፤ የሙዮንን ዕድሜ ለዚያ አካፈልን። ታው ደግሞ ከባድ ስለሆነ ለሙዮን የማይቻሉ ብዙ የመፍረሻ መንገዶች አሉት፤ ወደ ኤሌክትሮን የሚሄደው ከ100 17.8 ያህሉ ነው። በዚያ ስናባዛው የሰከንድ ትሪሊዮንኛ 0.29 ወጣ። በሙከራ የተለካውም 0.29 ነው። እህቴ ስልኳን አውጥታ ራሷ ደግማ አሰላችው። ያው መጣ።

ከዚያ ስለ ኒውትሮን ነገርኳት። ከኒውክለስ ውጪ ያለ ኒውትሮን ሩብ ሰዓት ገደማ ይቆያል። በሁለት መንገድ ይለካል። አንዱ ኒውትሮኖቹን አጠራቅሞ የተረፈውን መቁጠር ነው፤ 878 ሰከንድ ይሰጣል። ሌላው ሲፈርሱ የሚወጣውን ፕሮቶን መቁጠር ነው፤ 888 ሰከንድ ይሰጣል። ልዩነቱ እስካሁን አልተፈታም።

«እኛ ጋ የተረፈውን የሚቆጥር ሁልጊዜ ያንሰዋል» አለች ወዲያው። «አበባ በበሽታ ብቻ አይደለም የሚጎድለው። የሚሰበር አለ፣ የሚወድቅ አለ።»

ፊዚክሰኞቹም መጀመሪያ የጠረጠሩት ይህንኑ ነው፤ ኒውትሮኑ የዕቃው ግድግዳ ላይ እየጠፋ ቢሆንስ ብለው። አሜሪካ ሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ውስጥ ግድግዳ እንዳይነካ በማግኔት አንሳፈው ለኩት። በ2021 የወጣው ውጤት ያው 878 አካባቢ ነው።

«እንግዲያው የፈረሰውን የሚቆጥረው ጋ የሚዘለል አለ። ከፕሮቶኑ ሌላ የሚቆጠር ነገር አይወጣም?»

«ይወጣል፤ ኤሌክትሮን። ጃፓን ጄ-ፓርክ የሚባል የምርምር ማዕከል ውስጥ እሱን እየቆጠሩ ነው።»

«ውጤቱ ላይ ለውጥ ካለ ደውልልኝ» አለችና ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።