ድንጋይ ሳሚዋ የቦርከና ዓሣ

በልጅነታችን ከደሴ በላይ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሚወርድ ጅረት እግራችንን ስንነክር፣ ከድንጋይ ሥር ወጥታ ቁርጭምጭሚታችንን የምትነካካ፣ ጣት የምታህል ዓሣ ነበረች። እኛ ልጆች «ድንጋይ ሳሚ» እንላት ነበር። የሳይንስ ስሟ ጋራ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ሲሆን፣ ስሙ ከሕንድ አገር የመጣ ቢሆንም ለተራራ ጅረት ዓሣ በአማርኛም እንዲህ መስማማቱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ጋራ የካርፕ ዘመድ ናት፤ ወገኖቿም ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሉ ወንዞች ይኖራሉ። ከእኛው አገር ዝርያዎች አንዱን በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ መጠሪያውንም በጣና ሐይቅ አጠገብ ካለው ከደንቢያ ወስዶለታል።

የቦርከና ወንዝ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ደሴ አካባቢ ተነሥቶ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይወርዳል። በሐረጎ መንገድ የተጓዘ ሰው ቁልቁለቱን ያውቀዋል። ይህች ትንሽ ዓሣ በክረምት ጎርፍ ተጠርጋ የማትሄደው፣ የታችኛው ከንፈሯ ሰፍቶ ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ክብ መያዣ ስለሆነላት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ሌሎች ዓሦችን ወደ ላይ የሚያነሣቸው የአየር ከረጢትም በእርሷ ዘንድ ያነሰ በመሆኑ ነው። ምግቧም እዚያው የተጣበቀችበት ድንጋይ ላይ ነው፤ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀች ትበላለች።

ስለዚህ ለጋራ ንጹሕ ውኃ ብቻውን አይበቃትም፤ ፊቱ ያልተሸፈነ ድንጋይም ያስፈልጋታል። ባለፈው የበጋ ወራት ኮምቦልቻ ከድልድዩ በታች ወርጄ ያነሣኋቸው ድንጋዮች ሁሉ በጥቁር ደለል የተለበጡ ነበሩ፤ እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ አልጌው ብርሃን አያገኝም፣ የዓሣዋም ከንፈር የሚይዘው የለውም። ከተማውና ፋብሪካው ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ መልቀቃቸው፣ ተዳፋቱ ተራቁቶ አፈሩ ወደ ወንዙ መውረዱ፣ ከወንዙ ወለል ድንጋይና አሸዋ መጫኑ፣ ሁሉም የሚያርፈው በዚህችው ዓሣ ላይ ነው። ዓሣ አጥማጅ ስለማይፈልጋት፣ ገበያም ስለማትወጣ፣ ብትጠፋ የሚጠይቅላት እንዳይታጣ እሰጋለሁ።

በማግስቱ የእህቴን ልጅ ይዤ ወደ ልጅነቴ ጅረት ወጣሁ። ውኃው ቀንሷል፤ አራተኛውን ድንጋይ ስንገለብጥ ግን አንዲት ከሥሩ ሾልካ ወጣችና አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተለጠፈች።