ጾም ያተረፋት ዶሮ

ውሻው የገባው በአጥሩ ሥር፣ ጎርፍ በቦረቦረው ቀዳዳ ነው። የካቲት 19 ቀን 2017፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከሥራ ስመለስ ግቢው ላባ በላባ ሆኖ ጠበቀኝ። አውራው ኩሽናው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፤ ሦስቱ ሴቶች ከማገዶው ክምር ጀርባ ተወሽቀዋል። ገብስማዋን ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ሥር አገኘኋት። የጀርባዋ ቆዳ መዳፍ የሚያህል ተገሽልጦ ሥጋዋ ይታያል፤ ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ ወደ ጎን ዞሯል።

እናቴ አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች። "ጾም ባይሆን ኖሮ ዛሬውኑ ነበር" አለች። እውነቷን ነው። በእኛ ቤት የቆሰለች ዶሮ በክት ሳትሆን ትታረዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሽንኩርቱ ይከተፋል እንጂ ክርክር የለም። ፋሲካ ግን ሚያዝያ 12 ነበር። ፍሪጅ አለ ብላችሁ ለእናቴ እንዳትነግሯት፤ በሁዳዴ ግቢዋ ውስጥ ቢላዋ አይነሣም። እኔም ብሆን በደግነት አልጀመርኩትም፤ ሃምሳ ምናምን ቀን ሙሉ ስታቃስት መስማት ስለከበደኝ ነው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ምንም አልነካኋትም። ካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዤ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌበት፣ መኝታ ቤቴ ጨለማው ጥግ አስቀመጥኳት። እዚህ ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የካቲትም ቢሆን የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ የደነገጠች ዶሮ ደግሞ ከቁስሉ በፊት ብርዱና ድንጋጤው ነው የሚገድላት። ስኳር የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ በሻይ ማንኪያ ምንቃሯ ጫፍ ላይ አስነካኋት፣ ራሷ ጠጣች። ምንቃር ከፍቶ መጋት አይገባም። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ እዚያው ምላሷ ሥር ስለሆነ ውኃው በቀላሉ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

በነጋታው ቁስሉን አጠብኩ። ዙሪያውን ያለውን ላባ በመቀስ ቆረጥኩት፤ ቢነቀል ኖሮ ያን ስስ ቆዳ ይዞት ይመጣ ነበር። ግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ ሲቀዘቅዝ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨመርኩ፣ ከፋርማሲ በገዛሁት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ እየረጨሁ አፈሩንና የደረቀውን ደም አስወጣሁ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ ልገድላት ነበር። ቁስሉ እንዳይቆሽሽ ብዬ በፋሻ ዙሪያዋን፣ ጀርባና ደረቷን አንድ ላይ፣ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኳት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አፏን ከፍታ ማለክለክ ጀመረች። ደንግጬ ታቅፌያት ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው ሮጥኩ። ሰውየው አንድም ቃል ሳይናገር ፋሻውን በመቀስ ሰነጠቀው፣ ከደቂቃዎች በኋላ አፏ ተዘጋ። ለካ ዶሮ እንደኛ ሳንባዋን ከሥር የሚስብ ዲያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ወደ ታችና ወደ ላይ እያንቀሳቀሰች ነው። ደረቷን ማሰር አንገቷን ማነቅ ነው። ያን የወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የቁስል ስፕሬይ ነፋላት፣ "ክፍት ተዪው፣ ዝንብ ብቻ እንዳያርፍበት" አለኝ፣ መድኃኒቱ ስላለባት እንቁላሏን ለጊዜው እንዳንበላም አስጠነቀቀኝ። በሁዳዴ እንቁላል ማን ይበላል! ሰውየውም ይህን ሲያስብ ሳቁ መጣ።

እግሯን ግን እሱም አልደፈረም። "እናንተ ሰፈር ወጌሻ አለ አይደል?" ሲለኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ወጌሻችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የሰፈሩን ወለምታ ሁሉ ያሹት እሳቸው ናቸው። "ጋሼ፣ ዶሮ ይዤ መጣሁ" ስላቸው ለሰንበቴ ያመጣሁላቸው መስሏቸው "በጾም?" አሉ። ነገሩን ሲረዱ ሳቁ፣ ቀጥለው ግን ከሰው ባላነሰ ጥንቃቄ በአውራ ጣታቸው አጥንቷን ዳሰሱ። "አጥንቱ ቆዳውን አልበሳውም። ይገጥማል።" አንዴ ሳብ፣ ዞር አደረጉት፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሁለት የቀርከሃ ስንጣቂዎችን ጥጥ አልብሰው ግራና ቀኝ ደገፉበት፣ በክር ጠመጠሙት። "ነገ ጠዋት ጣቶቿን ንኪያቸው። ቀዝቅዘው ወይ አብጠው ካገኘሽ ጠብቆባታልና አምጪልኝ።" ስንት ልክፈል ስላቸው "ሒሳቡ ስትድን ነው" አሉ።

በ22ኛው ቀን ቀርከሃው ወለቀ። እግሯ ትንሽ ወልገድ ብሏል፣ ግን ትቆምበታለች። ቁስሉ ከዳር ዳር እየተሳበ ጠቦ፣ ላባ እንደ መርፌ ጫፍ ብቅ ብቅ ብሎ ነበር። የቀረው ጣጣ ሌሎቹ ዶሮዎች ነበሩ። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች የእህቷንም ቁስል ትጠቀጥቃለች፣ ሦስት ሳምንት የጠፋችውን ደግሞ እንደ ባዳ ነው የምትቆጥረው። ቅርጫት ደፍቼባት አራት ቀን በመሀላቸው አዋልኳት፤ እያዩዋት፣ ሳይደርሱባት። በአምስተኛው ቀን ሲመሽ ቆጡ ላይ አስቀመጥኳት። ጠዋት አንድ ሁለቴ ነቆሯት፣ በቃ።

መጋቢት 25 ቀን ደግሞ ከጎጆው አልወጣም አለች። ላባዋን ነፍታ "ቋ… ቋ" ትላለች፣ እጅ ሲጠጋ ትናከሳለች። ጎረቤት መታቀፏን ለማስተው ላባ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ሰንቅሪባት አለችኝ። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠልቼዋለሁ፤ በዚያ ላይ ይህቺ የቻለችው ይበቃታል። ጾም ስለሆነ እንቁላል ሞልቷል። እናቴ ጎዶሎ ቁጥር ካልሆነ አታስታቅፍም፣ ስለዚህ ከሰነበተው ሳይሆን ከሰሞኑ 11 መርጠን ሰጠናት። በስምንተኛው ቀን ማታ በሞባይል መብራት አየኋቸው፤ ሁለቱ ባዶ፣ ዘጠኙ ግን ውስጣቸው እንደ ሸረሪት ድር የደም ሥር ዘርግተዋል።

ፋሲካ ሲደርስ 17ኛ ቀኗ ላይ ነበረች። እናቴ ቅዳሜ ማታ ጎጆውን አየት አድርጋ ምንም ሳትል ሌላ ዶሮ ልትገዛ ገበያ ወጣች። የታቀፈች ዶሮ አትነካም።

ጫጩት ላይ ያለኝ ታሪክ የሚያኮራ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ልናዘዝ። አምና የ45 ቀን ጫጩት ሲወደድብኝ የአንድ ቀኑን፣ ሳሶ የሚባለውን ዝርያ፣ 25 ገዛሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። እኔም ባለ 100 ሻማ አምፖል አንጠለጠልኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። ጠዋት ስከፍት ሁሉም አንድ ጥግ ተከምረዋል፣ ከሥር ያሉት ዘጠኙ ታፍነው ሞተዋል። የተረፉትን ያሳደግኳቸው የግብርና ባለሙያ ባሳየኝ የጭድ ሳጥን ነው። ሳጥን በሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ መሀሉ በጭድ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ አየር የሚያስገባ ጭድ የተሞላ ጆንያ ይከደናል፤ ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት ያድራሉ። መብራት ኃይል የሚሠራው ሥራ የለም። ጭዱ ሲረጥብ መቀየር ብቻ ነው።

ሌላው ኃጢአቴ ቅርፊት መላጥ ነበር። አምና አንዱ ቀዳዳ ከፍቶ ሲዘገይብኝ ላግዘው ብዬ ላጥኩለት። ሽፋኑ ደማ፣ አስኳሉ ገና ወደ ሆዱ አልገባም ነበር፣ እጄ ላይ ሞተ። ዘንድሮ ሚያዝያ 15 ማታ የመጀመሪያው ሲነቁር ሰምቼ ወጥቼ ቡና አፈላሁ። በማግስቱ ሐሙስ ሰባቱ ደርቀው ከክንፏ ሥር ይንጫጫሉ። ስምንተኛው ቀዳዳውን ከፍቶ 18 ሰዓት ቆየ። እጄን ጉልበቴ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ ብላችሁ እመኑኝ። ወጣ። ዘጠነኛው አልነቆረም።

ለመጀመሪያው ቀን ምግብ አላቻኮልኳቸውም፣ ያስገቡት አስኳል አንድ ሁለት ቀን ያቆያቸዋል። ውኃ ግን ሰጠሁ፣ እንዳይሰምጡ ሳህኑን በጠጠር ሞልቼ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ክንፏን ጥላ ስትቆም አነሣኋት፤ ኩስ ደርቆ መውጫዋን ደፍኖታል። ለብ ባለ ውኃ አርሼ ቀስ እያልኩ አነሣሁላት። በደረቁ መጎተት ቆዳ ይነቅላል።

ክትባቱ ነው ያደከመኝ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ በሳምንት ቆጥ ባዶ ያደርጋል። ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ደግሞ አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ ለስምንት ጫጩት ማን ይከፍትልሻል? ሦስት ቀን ቤት ለቤት እየዞርኩ የሰፈሩን ዶሮ መዘገብኩ። በሰባተኛው ቀናቸው በየዓይናቸው አንዳንድ ጠብታ አገኙ።

አንዱን ጭልፊት ወሰደው። ሰባቱ አደጉ፣ አራቱ ሴቶች።

ጳጉሜን ላይ ወጌሻው መጡ። መጀመሪያ ገብስማዋን አስይዘው እግሯን ዳሰሱ፣ "ትንሽ ሳብ ማድረግ ነበረብኝ" ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ጫጩቶቹን፣ አሁን ቄብ የሆኑትን፣ አንድ በአንድ አይተው እንደ እናቷ ገብስማ የሆነችውን መረጡ። እግሯን አስረው በጋቢያቸው ውስጥ ከተቷት።

"ሒሳባችን አለቀ" አሉ።