ይምርሐነ ክርስቶስ፦ እንጨትና ልስን
ላሊበላ ያደርኩበት ክፍል ግድግዳው ስስ ነው። ጎረቤቴ ሌሊቱን ሲያስል እኔም አብሬው ነጋልኝ። መብራት ስላልነበረ ስልኬም ቻርጅ ሳያደርግ አደረ። ጠዋት ደግሞ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደኝ ሹፌር ማታ በ4,000 ብር የተስማማነውን «መንገዱ ኮረኮንች ነው» ብሎ 6,000 አደረገው። ከፈልኩ። የበሸቅኩት በብሩ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን በማጠፉ ነው።

ከመኪና ወርጄ በጥዱ መሀል ዳገቱን ስወጣ ንዴቴ በረደ። ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው። የዋሻው አፍ በግንብ ስለታጠረ በሩን እስኪያልፉ ድረስ አይታይም።

አባቴ አናጢ ነበር። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ማዕዘኑ ነው። አንድ ረድፍ አግዳሚ እንጨት፣ በላዩ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ ደግሞ እንጨት፤ እስከ ላይ እንዲሁ ነው። ያሠራው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ ነው ይባላል። አሠራሩ ግን የአክሱም ነው። እኛ ቤት ልስኑ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሰነጠቅ ነበር። እዚህ ዋሻው ራሱ ጣሪያ ሆኖ ዝናቡን ይመልስለታል።

ትናንት ላሊበላ ባየሁት በቤተ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉት አግዳሚ መስመሮች እንዲሁ ጌጥ መስለውኝ ነበር። ለካ ይህ ነው! ከአንድ አለት ፈልፍለው ያወጡትን ቤት እንጨት የገባበት አስመስለውታል። ይህን ሳውቅ ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ ስልኬም ሞቷል። አንድ አባት አይተውኝ «ና ልጄ» አሉና የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ላይ አበሩልኝ። የመካከለኛው ክፍል ጣሪያ ማዕዘን በማዕዘን በተገጣጠሙ ቅርጾች ያጌጠ እንጨት ነው። አንዱን ቅርጽ ይዤ በዓይኔ ስከተል ሌላው ውስጥ ይገባብኛል። የግድግዳ ሥዕሎቹ በአገራችን ከተረፉት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ናቸው፤ ብዙው ቦታ ላይ ግን ደብዝዘዋል። አባ ባትሪውን ጎን ለጎን ሲያንቀሳቅሱት ቀለሙ ትንሽ ይነሳል፣ ተመልሶ ይጠፋል። እጃቸው እስኪዝል ያዙልኝ።

ከኋላ የብዙ ሰው አፅም አለ። እዚያ ብዙ አልቆምኩም።

ስወጣ «ለባትሪ ድንጋይ ይሁንዎ» ብዬ 200 ብር ዘረጋሁ። አባ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በአገጫቸው ሙዳየ ምጽዋቱን አሳዩኝ።