ከ8,000 ሜትር ጥልቀት የወጣ ደለል ያስተማረኝ

የመርከባችን ዊንች፣ ማለትም ኬብል የሚያወርደውና የሚስበው ማሽን፣ ናሙና ማንሻው የታሰረበትን ኬብል የሚለቀው በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ነው። 8,000 ሜትር ለመውረድ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ለመውጣትም እንደዚያው። በመጀመሪያው የባሕር ላይ ጉዞዬ፣ ከቺሊ ጠረፍ ማዶ ባለው የአታካማ ስምጥ ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጓንቴን አጥልቄ የጠበቅሁት አንድ ክንድ የማይሞላ ጭቃ ነበር። ናሙና ማንሻው ስምንት ቱቦዎች አሉት። ከውሃው ብቅ ሲል አምስቱ ባዷቸውን ናቸው፤ በሁለቱ ውስጥ ያለው ውሃ ደፍርሷል። በስምንተኛው ውስጥ ግን ከደለሉ በላይ ያለው ውሃ ኩልል ብሎ ወጣ። ለእኔ ሥራ የሚሆነው ያ ብቻ ነበር። ውሃው ከጠራ የደለሉ ገጽ ሳይናወጥ፣ ከታች እንደነበረ መጥቷል ማለት ነው። ከደፈረሰ ግን የዛሬው ዝቃጭና የመቶ ዓመቱ ተደባልቀዋል፤ የትኛው ተሕዋስ የት እንደሚኖር ከእንዲህ ያለው ቱቦ ማወቅ አይቻልም።

ስምጥ የምለው ትሬንች የሚባለውን ነው፤ አንዱ ቴክቶኒክ ፕሌት (የምድር ቅርፊት ግዙፍ ሰሌዳ) ከሌላው ሥር እየገባ በሚሰምጥበት መስመር ላይ የሚፈጠር ረጅምና ጠባብ ገደል። ወደ ጥልቁ በወረድን ቁጥር ከላይ የሚዘንበው ምግብ እየመነመነ ስለሚሄድ፣ የስምጦች ወለል ምድረ በዳ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የባሕር ባክቴሪያ ተመራማሪዎቹ ክሎድ ዞቤልና ሪቻርድ ሞሪታ እ.ኤ.አ. በ1951 በዴንማርኩ የምርምር መርከብ በጋላቴያ ላይ ሆነው፣ በፊሊፒንስ ስምጥ ከ10,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ከወጣ ደለል ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የዴንማርኩ ተመራማሪ የሮኒ ግሉድ ቡድን በማሪያና ስምጥ የመጨረሻው ጥልቀት፣ 10,900 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደለሉ የሚጠቀመው፣ ማለትም በውስጡ ያሉት ተሕዋስያን የሚተነፍሱት፣ ኦክስጅን በአቅራቢያው 6,000 ሜትር ላይ ካለው ሜዳ እንደሚበልጥ አሳየ። ምክንያቱ የቦታው ቅርጽ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ተዳፋቶች የወደቀባቸውን ሁሉ ወደ መሀል ያንሸራትቱታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ደግሞ የተዳፋቱ ደለል እንዳለ ተንዶ ይወርዳል። ከገደሉ ግርጌ ያሉት ተሕዋስያን ከላይ የተረፈው ብቻ ሳይሆን ከጎን የሚናደውም ይደርሳቸዋል። የእኔ ሥራ እነዚህን ተሕዋስያን በየሴንቲ ሜትሩ መቁጠርና በዲኤንኤአቸው መለየት ነበር።

ቱቦውን ወደ ቀዝቃዛው ክፍል አስገብተን መቁረጥ ጀመርን። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ከታች በፒስተን ትገፋለህ፣ ደለሉ በ1 ሴንቲ ሜትር ቀለበት ውስጥ ብቅ ሲል በስስ ሳህን ትቆርጣለህ። የላይኛው ቡናማ ነው፤ ከመልስለሱ የተነሳ በሳህኑ ላይ ይንሸራተታል። ዝቅ ሲል ግራጫ ወደ አረንጓዴ ይለወጥና እየጠበቀ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቱቦ ላይ የሠራሁት ስህተት ቁራጩን ከዳር እስከ ዳር ጠርጌ መውሰዴ ነው። ቱቦው ወደ ደለሉ ሲገባ የላይኛውን ጭቃ በግድግዳው እየጎተተ ወደ ታች ይወስዳል፤ ስለዚህ የቁራጩ ጠርዝ ከላይኛው ንብርብር የተቀባ ነው። ከሁለተኛው ቱቦ ጀምሮ ጫፉን በቆረጥሁት ንጹሕ ሲሪንጅ መሀሉን ብቻ መውሰድ ያዝሁ። ከቱቦው ከሚወጣው ከግማሽ በላይ ትጥላለህ፤ ያን ያህል ደክመህ ያወጣኸውን መጣል ያማል። ግን መጣል አለበት።

ቆጠራው ከጠበቅሁት በላይ ፈተነኝ። ህዋሶቹን በሚያበራ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። ሆኖም የሸክላ ቅንጣቶችም ቀለሙን ይዘው ያበራሉ፤ ብዙዎቹ ህዋሶች ደግሞ ከቅንጣቶቹ ሥር ተደብቀው አይታዩም። ለሁለት ሳምንት የቆጠርሁት ቁጥር አልታመን አለኝ። ያው ናሙና ጠዋትና ማታ ሌላ ሌላ ይሆናል። መፍትሔው ናሙናውን ይበልጥ ማቅጠን፣ በአልትራሳውንድ ንዝረት ህዋሶቹን ከቅንጣቶቹ ማላቀቅ፣ ከዚያ ስያሜውን ሳላውቅ መቁጠር ሆነ። የሥራ ባልደረባዬ ስላይዶቹን በኮድ ሰይማ ትሰጠኛለች፤ የትኛው ከየትኛው ጥልቀት እንደሆነ የማውቀው ቁጥሩን ከጻፍሁ በኋላ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ያተረፈልኝ አንድ ነገር አለ። የህዋሶቹ ቁጥር ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ እንደሚቀንስ ነበር የጠበቅሁት። 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን እንደገና ከፍ አለ። ስያሜውን እያወቅሁ ብቆጥር ኖሮ ስህተት ነው ብዬ አልፈው ነበር። በኮድ ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ሦስቱም ጊዜ ከፍ አለ። ወደ ቱቦው ፎቶ ተመልሼ ሳይ፣ በዚያው ጥልቀት ላይ ቀለሙ በስለት የተቆረጠ ያህል ይለወጣል። ከላዩ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንዶ የመጣ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ በአንድ ወቅት የወለሉ ገጽ የነበረ፣ በምግብ የበለጸገ ንብርብር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በአንድ ቱቦ መፍረድ አይቻልም። ከመቶ ሜትር በማይርቅ ቦታ ያወጣነው ሌላው ቱቦ ያን መስመር ጭራሽ አልነበረውም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ዲኤንኤው ነው። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ያለ ባዶ ናሙና አወጣኋቸው፤ ማለትም ምንም ደለል ሳይገባበት በዚያው ሂደት የሚያልፍ ቱቦ አላዘጋጀሁም። ውጤቱ ሲመጣ ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች ባሉት ውስጥ ኩቲባክቴሪየም በብዛት ተገኘ። ይህ በሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከታች ያለው ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ያለውም ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር፣ ከእጄ ወይም ከኬሚካሎቹ የመጣው ቅንጣት ሁሉን ሸፈነው። ባዶ ናሙና ስላልነበረኝ የትኛው የደለሉ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። የአራት ወር ሥራ ነው የጣልሁት። ከዚያ ወዲህ ከቱቦው ቆረጣ ጀምሮ በየደረጃው ባዶ ናሙና አስቀምጣለሁ፤ ዲኤንኤው ከሸክላው እንዲላቀቅም በማውጫው ፈሳሽ ላይ ፎስፌት እጨምራለሁ። በሁለተኛው ዙር ከላይ አሞኒያን በኦክስጅን የሚያቃጥሉት አርኬያ (ባክቴሪያ የሚመስሉ፣ ግን ከባክቴሪያ የተለዩ ባለ አንድ ህዋስ ተሕዋስያን) በግልጽ ታዩ፤ ዝቅ ብሎ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ደግሞ በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬት የሚተነፍሱት ተተኩ። እንደ መጽሐፍ ቅደም ተከተል ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም። 8,000 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት (1 ባር ገደማ) 800 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ተመራማሪው አርስቲደስ ያያኖስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሪያና ስምጥ ያገኙት ባክቴሪያ በ2 ዲግሪ ሙቀትና በ690 ባር ግፊት በ25 ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በእኛ አየር ግፊት ግን አያድግም። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በሞቀው የላይኛው ውሃ አሳልፈን፣ ግፊቱን ከላዩ አንስተን፣ መርከብ ላይ አስቀምጠን «እንዴት ትተነፍሳለህ?» ብንለው የሚመልስልን ስለ ሕይወቱ ሳይሆን ስለ ስቃዩ ነው። ቆጠራና ዲኤንኤ ይህን ጉዞ በተወሰነ ደረጃ ይችሉታል፤ ወዲያው በፍሪዘር ከተቀመጡ። አተነፋፈስ ግን አይችልም።

በሁለተኛው ጉዞ ስለዚህ ራሱን ችሎ ወደ ወለሉ የሚወርድ መሣሪያ ይዘን ሄድን። እንደ መርፌ የቀጠኑ የመስታወት ሴንሰሮቹን በደለሉ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየሰደደ እዚያው ኦክስጅን ይለካል፤ ሲጨርስ ክብደቱን ጥሎ ይንሳፈፋል። ማታ ሰገነቱ ላይ ሆነን የመብራቱን ብልጭታ በማዕበሉ መሀል ፈልገን አገኘነው። በዚያው ሌሊት ከዚያው ቦታ የወጣ ቱቦ ላይም በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ በተመሳሳይ ሴንሰር ለካሁ። ኦክስጅኑ በየጥልቀቱ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳዩትን ሁለቱን መስመሮች በአንድ ስክሪን ላይ ደረብኋቸው። መርከብ ላይ የለካሁት ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፤ ከታች የተለካው ግን ጠልቆ፣ ጠልቆ ይወርዳል። አማካሪዬ አጠገቤ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ በጣታቸው የታችኛውን መስመር እየተከተሉ «ይኸኛው ነው ቤታቸው» አሉኝ።