በሩ ላይ ያየሁትን ተናገርኩ

ሰሞኑን የሰፈሬ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለና «አንተ ግን ሻንጣ መጫን ምኑ ያስጨንቃል? አንስቶ መወርወር አይደል እንዴ?» አለኝ። አናደደኝ። ግን አልፈርድበትም። እሱ የሚያውቀው መርካቶ አይሱዙ ሲጫን ነው። ስፖንዳው ቢጎብጥ በመዶሻ ይቃናና ጉዞ ይቀጥላል።

እኔ የምሠራው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ኤርፖርት ራምፕ ላይ ነው፤ አውሮፕላን ቆሞ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ሜዳ ማለት ነው። ቤተሰቤ «አየር መንገድ ገባ» ብሎ ስላወራ ነፃ ትኬት ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። ሥራዬ ግን ዕቃ ማውረድና መጫን ነው። ከሻንጣው በላይ የሚያስጨንቀን ደግሞ የዕቃው በር ነው።

ብዙ ሰው የአውሮፕላን ሆድ ተራ መጋዘን ይመስለዋል። አይደለም። እንደ ተሳፋሪው ክፍል አየር ታምቆበት ነው የሚበረው። አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ሆኖ እንኳ የውስጡ አየር አዲስ አበባ ቆመን ከምንተነፍሰው ብዙም አይሳሳም። ያ ግፊት በሩንና ዙሪያውን ወደ ውጭ ይገፋል። አየር እንዳያሾልክ በሩ ዙሪያ የተገጠመው ጎማ መቀደድ ወይም ደፉ ላይ ያለ ስንጥቅ እንደዋዛ የማይታለፈው ለዚህ ነው።

ሎደሩን፣ ማለትም ሻንጣውን በሚሽከረከር ቤልት ወደ በሩ የሚያወጣውን መኪና፣ የምታስጠጋው በሰው እርምጃ ፍጥነት ነው። ሳትደርስ ቆመህ ፍሬንህን ትሞክራለህ። አንድ ሰው ቆሞ በእጁ ይመራሃል። የሎደሩ አፍንጫ ላይ ጎማ አለ፤ ጎማ አለው ብለህ ግን አታስነካውም። አዲስ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። አውሮፕላን ቆሞም ይንቀሳቀሳል። ዕቃ ሲወርድለት ከፍ ይላል፣ ዕቃና ነዳጅ ሲገባበት ዝቅ ይላል። ቅድም አስተካክለህ ያቆምከው ሎደር ትንሽ ቆይቶ ደፉን ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ዓይንህን ከደፉ አትነቅልም። የእኛ ሰው ሻንጣ ሲመጣማ ሌላ ጣጣ ነው። 23 ኪሎው ሞልቶ፣ በሲባጎ ተጠፍሮ ይመጣል። የተንጠለጠለው ጫፍ ቤልቱ ውስጥ ይገባል። በርበሬውን ላኩ፣ የገመዱን ትርፍ ግን እባካችሁ ቁረጡት።

አንድ የብርድ ሌሊት ነው። ወደ አውሮፕላኑ ከመጠጋታችን በፊት እንደ ደንቡ ዙሪያውን ሳይ፣ ከኋለኛው የዕቃ በር ደፍ ዝቅ ብሎ መዳፌን የሚያክል ጉድጓድ አየሁ። ቀለሙ ተልጧል። ጓንቴን አውልቄ ዳሰስኩት። ሥራ አስቁሜ ለሱፐርቫይዘሩ ነገርኩት። መጣ፣ አየው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አደረግክ?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሎደሩ ገና ርቆ ነው የቆመው! ባጄን ተቀበሉኝ። በመኪና ወስደው ለአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ሽንት ስጥ አሉኝ። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ ስገባ ተማሪ ብድግ ይልልኝ ነበር። እዚህ አንድ ጎረምሳ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ኩባያ ይዤ ቆምኩ። እንደዚያ ሌሊት ተዋርጄ አላውቅም። ግድግዳው ላይ «ያየኸውን ሳትፈራ ተናገር» የሚል ፖስተር ነበር። ፈረንጅ ፖስተር መለጠፍ ያውቃል፣ የስደተኛን ቃል ማመን ላይ ግን ይቀረዋል። በኋላ ካሜራው ታየና አውሮፕላኑ ጉዳቱን ይዞት እንደመጣ ታወቀ። ባጄን መለሱልኝ። ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም።

ዛሬም ግን ካየሁ እናገራለሁ። በፈረንጆቹ 2005፣ ዲሴምበር 26፣ ከሲያትል የተነሳ የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን 26,000 ጫማ ገደማ ላይ ሳለ ጎኑ ተበሳ። ቀዳዳው 30 በ15 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር፣ በዕቃ በሮቹ መካከል። አንድ የራምፕ ሠራተኛ መሬት ላይ ገጭቶት ዝም ብሎ ነበር። አብራሪዎቹ በሰላም መልሰው አሳረፉት እንጂ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። አሁን ደግሞ ይብሳል። የእኛ አየር መንገድ በፈረንጆቹ 2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ድሪምላይነር አካሉ የካርቦን ፋይበር ነው። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ያስታውቃል። ይኼኛው ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። ያልተናገርከውን ማንም አያይልህም።

ዲቪ ደርሷችሁ ኤርፖርት ሥራ ለመግባት ያሰባችሁ፣ ስሙኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ሥራ ላይ ያ ምክር ሰው ያስጨርሳል። ሎደር ሳትነኩ አውሮፕላኑን ዙሩት። ጉዳት ካያችሁ የሥራ ባልደረባ አጠገባችሁ እያለ ተናገሩ፣ ሰዓቱን መዝግቡ፣ በጽሑፍ የቀረበውን ሪፖርት ኮፒ ጠይቁ። ሽንት ስጡ ቢሏችሁ ስጡ፤ እንቢ ካላችሁ እንደ ጥፋተኛ ነው የምትቆጠሩት። እንግሊዝኛችሁንም አጠንክሩ። በፈረንጆቹ 1974 ፓሪስ አጠገብ የቱርክ አየር መንገድ ዲሲ-10 አውሮፕላን የኋላ የዕቃ በሩ ተገንጥሎ 346 ሰው አለቀ። በሩን የዘጋው ሠራተኛ አልጄሪያዊ ስደተኛ ነበር። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛና በቱርክኛ ተጽፏል፤ እሱ ሁለቱንም ማንበብ አይችልም። ጥፋቱ የበሩ አሠራር ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው እሱ ላይ ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ካልገባችሁ የሚያነብላችሁ ሰው እስኪመጣ አትዝጉት። በረራው ይዘግይ።