«እሺ» ብዬ የወጣሁበት ስብሰባ

ልጄ ዲስሌክሲያ አለበት። ማንበብና መጻፍ ይከብደዋል። ቁጥር ላይ ግን ሌላ ልጅ ነው። አባቱ ኡበር ይሠራል። ማታ ገቢውን ሲደምር ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ኩባንያው ስንት ፐርሰንት እንደቆረጠ በቃሉ ያሰላለታል። ያኔ 4ኛ ክፍል ነበር።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አይኢፒ ማውጣቱ፣ ማለትም የልዩ ድጋፍ ዕቅዱ፣ ብዙ አላስቸገረንም። በጽሑፍ ጠየቅን፣ ተፈተነ፣ ተፈቀደለት። ነገሩ የተበላሸው 6ኛ ክፍል ሲገባ ከፍ ያለው የሒሳብ ክፍል ይግባልኝ ያልኩ ጊዜ ነው።

ስብሰባው ላይ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ስድስት ናቸው። እኔ ከ14 ዓመቷ ልጄ ጋር ነኝ። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ሲሉኝ አልፈልግም ብዬ ነበር። ሥራ ቦታ የማወራው እንግሊዝኛና እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚወራው እንግሊዝኛ ግን አይገናኝም። አንዷ ፈገግ ብላ ተናገረች። ያ ክፍል ፈጣን ነው፤ እዚያ ከገባ ተጨማሪ የፈተና ሰዓቱም፣ ጥያቄ የሚነበብለትም ይቀራል፤ አንዱን ምረጪ። ልጄ ተረጎመችልኝ። ሴትዮዋ ቀጠለች። ይኼኔ ልጄ ዝም ብላ የጃኬቷን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመረች። የዘለለችው ነገር እንዳለ ገባኝ። ሰው ፊት መጠየቅ ግን ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። አስተማሪዎች ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

መኪና ውስጥ ነገረችኝ። «እማዬ፣ እንደሱ ዓይነት ልጅ እዚያ ክፍል ይሸማቀቃል ነው ያሉት።» በወንድሟ ላይ የተባለውን ለእናቷ መንገር አቅቷት ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

ልጄ ዓመቱን ሙሉ የሚያውቀውን ሒሳብ ሲደግም ከረመ። ሲጨርስ ደብተሩ ጠርዝ ላይ መኪና ይስላል። ሚያዝያ አካባቢ «ሒሳብ ይደብረኛል» አለኝ። ያን ቀን ሆዴ ተቃጠለ።

ያቺ ሴትዮ የነገረችኝ ስህተት እንደሆነ ያወቅኩት ከአንዲት አበሻ እናት ነው። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ በ2007 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ለትምህርት ቤቶች ጽፎ ነበር። ብቁ የሆነን ልጅ «ከፍ ያለ ክፍል መግባት ከፈለግህ ድጋፍህን ተው» ማለት ሕግ መጣስ ነው ይላል። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ ደብዳቤው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከስድስቱ አንዳቸውም አልጠቀሱትም። እስካሁን ያናድደኛል።

ሁለተኛው ስብሰባ አጭር ነበር። ቀድሜ ኢሜይል ጻፍኩ። የመደበኛ አስተርጓሚ ጠየቅኩ፤ ማቅረቡም ወጪውም የእነሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ስብሰባው ላይ የሚታየው ሰነድ ከ5 የሥራ ቀን በፊት ለወላጅ መድረስ አለበት፤ እሱንም ጠየቅኩ። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «የምትከለክሉት ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ።» በአይኢፒው ላይ የጠየቃችሁትን ለውጥ እምቢ ካሉ በጽሑፍ ማሳወቅ በፌዴራል ሕግ ግዴታቸው ነው። የሚጽፉት ምክንያት አልነበራቸውም። ልጄ ገባ።

መጀመሪያ መምህሩን አናግሩ ይሏችኋል። እኔ መጀመሪያ ጻፉ ነው የምለው። የቃል ወሬ ነገ የለም። ንባቡ ይስተካከልና ከዚያ እናያለን ካሏችሁም አትቀበሉ፤ ሒሳቡ ንባቡን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። ከእኛው ሰው ደግሞ «ስሙ እንዳይበላሽ አይኢፒውን አስወጪው» ያሉኝ አሉ። በጭራሽ። ተጨማሪ ሰዓቱን የሚያስከብርለት ያው ወረቀት ነው። ልጃችሁንም አስተርጓሚ አታድርጉ። እንግሊዝኛዋ የፈለገውን ያህል ይጣፍጥ።

አሁን 7ኛ ክፍል ነው። ጥያቄውን ኮምፒውተሩ በጆሮ ማዳመጫ ያነብለታል። የመጀመሪያው ፈተና ላይ 61 አመጣ፤ ያልተማረው የአንድ ዓመት ትምህርት ነበረ። ባለፈው ሳምንት 88።

ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ስለጥፍ እህቱ መጣችና አየችው። «ያኔ በደንብ ብተረጉምልሽ ኖሮ አምና ይገባ ነበር?» አለችኝ። እጄ ላይ ማግኔቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። «አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ» አልኳት። አላመነችኝም።