ከቅዳሴ ወደ ሲኖ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አብረን የከባድ መኪና ሹፌርነት ስልጠና የጀመርን ልጆች "ቄሱ የት ደረሱ፣ ተመለሱ እንዴ" እያላችሁ ስትጠያየቁ ሰምቻለሁ። ወደ ደብሩ አልተመለስኩም። መንጃ ፈቃዱ ወጥቶልኛል፣ ረዳትነቱንም ጨርሻለሁ፣ አሁን ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያልኩ በገልባጭ ሲኖ አሸዋና ገረጋንቲ አመላልሳለሁ። ዛሬ ስለ መኪናውም ስለ እምነቱም አንድ ላይ ነው የምጽፈው፣ ምክንያቱም በውስጥ መስመር ከሚደርሰኝ ጥያቄ ግማሹ ስለ ማርሽ ነው፣ ግማሹ ደግሞ "አባ፣ እምነት ጠፍቶብዎት ነው ወይ" የሚል ነው፣ ለያይቼ ልመልስ ብል አልሆነልኝም።

ከመኪናው ልጀምር። ማሰልጠኛ ላይ የነዳነው አነስ ያለው የኢሱዙ ጭነት መኪና ኤፍ ኤስ አር እና ሲኖ 371 ጭራሽ አይገናኙም፣ ፈቃድ ስላወጣችሁ ብቻ የምትነዱት እንዳይመስላችሁ። 371 የሚሉት የፈረስ ጉልበቱን ነው። ማርሹ ወደፊት 10 ነው፣ አምስቱን ትጨርስና የማርሽ ዘንጉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ገልብጠህ እንደገና ከአንደኛው ቦታ ትጀምራለህ፣ ስድስተኛ ማለት ያ ነው። እጅ ቶሎ ይለምዳል፣ ጆሮ ነው የሚዘገየው፣ ሞተሩ ጫን ሲልበትና ሲቀልለው የሚያሰማውን ድምፅ ለይቶ ጌጅ ሳያዩ ማርሽ መቀየር ጊዜ ይፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን የንፋሱ ነገር ነው። ጠዋት ሞተር አስነስተህ ዝም ብለህ መሄድ የለም፣ ንፋሱ እስኪሞላ ቁጭ ትላለህ፣ ጢጢጢ የምትለዋ ድምፅ እስክትጠፋና የጌጁ ቀስት ከ6 ባር በላይ እስኪወጣ። ምክንያቱን ያስለመደኝ ሹፌር ከጎማው ስር ይዞኝ ገብቶ አሳየኝ። የፓርኪንግ ፍሬኑን ጨምድዶ የሚይዘው ውስጡ ያለ ወፍራም ሞላ ነው፣ ንፋሱ የሚሠራው ሞላውን ገፍቶ ማስለቀቅ ነው። ንፋስ ከሌለ መኪናው ተቆልፎ ይቀራል ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ንፋሱ እየፈሰሰ አልቆ ቢወርድም ሞላው ራሱ ይይዘዋል። እኔ በተቃራኒው ነበር የማስበው፣ ንፋስ ካለቀ ፍሬን የለም ብዬ። እሱ እንደሚለው ቁልቁለት ላይ ሰው የሚጨርሰው ሌላ ነው፣ በከፍተኛ ማርሽ ለቆ ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጡ መውረድ። ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬኑ ታምቡር ይግላል፣ እሱን ከውስጥ የሚጫነው ሸራ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ ንፋሱ ሙሉ ቢሆንም ብትረግጠው አይዝም።

ይሄ ሰውዬ ሐጂ ነው የምንለው፣ እስከ 1990 ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ የአሰብን መስመር የሠራ ሰው ነው። መሪ ላይ ስሆን "አንተ" ይለኛል፣ መሪውን ስለቅ "እርስዎ" ይለኛል፣ እኔም ለምጄዋለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ዓባይ በረሃን አብሬው ወረድኩ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁለቱ፣ ገና ከላይ ሳንጀምረው ማርሹን አወረደና ፍሬን ላይ እግሩን የሚያሳርፈው አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። እኔ ከጎኑ ሆኜ ያቺን የንፋስና የሞላ ነገር ስብከት አደረግኳትና "መንፈስ ቅዱስ ሲርቀን ልባችን እንደዚህ..." ብዬ ስጀምር፣ "ቄሴ፣ እሱን ለእሁድ ያቆዩትና ስፖኪዮውን ይዩልኝ" አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉን ነገር ወደ ስብከት የመቀየር አመል አለብኝ፣ የሙያ በሽታ ነው፣ ጎማ ሲተነፍስም ምሳሌ ነው የሚመጣልኝ።

እንግዲህ ወደ እምነቱ። አይ፣ እምነቴን ጥዬ አልወጣሁም፣ ክህነት ደግሞ እንደ ሥራ መልቀቂያ ጽፈህ የምትተወው ነገር አይደለም። የተውኩት ደሞዙን ነው። ይሄን ስል የሚገባው ሰው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

አባቴ መርሐ ቤቴ ውስጥ ቄስ ነበር። እሁድ ይቀድሳል፣ ሰኞ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ድሮ ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት፣ ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ግን የገጠር ቄስ እንደማንኛውም ገበሬ የደረሰውን መሬት እያረሰ ነው የኖረው። ስለዚህ አባቴ አንድ ቀን ሲቀድስ ልቡ ደረቅ ብሎበት እንደሆን፣ እግዚአብሔር ይስማው አይስማው ባያውቅ እንኳን፣ ጤፉ ከዚያ ጋር ምንም አያገናኘውም። እኔ ግን ከተማ ገባሁ፣ ደብር ተቀጠርኩ፣ የቤት ኪራዩም የልጆቹ ትምህርት ቤትም የሚከፈለው ቄስ ስለሆንኩ ነው። ሰው መጥቶ "አባ፣ ልጄ ይድናል?" ሲለኝ "ይድናል" ነው መልሱ፣ ሌላ መልስ የለም፣ እንዲያውም ፊቴ ላይ ትንሽ ማመንታት ካየ የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አባት ጋ ነው የሚሄደው። መጠራጠሩ ራሱ አልነበረም የከበደኝ፣ ጥርጣሬ ሰው ሁሉ ጋ አለ፣ አጋንንት ብቻ ናቸው የማይጠራጠሩት ይባል የለ። የከበደኝ እርግጠኛ መምሰል የእንጀራዬ መብሰያ መሆኑ ነው። ጥርጣሬው በመጣ ቁጥር ጸልዬ ልታገለው ሳይሆን ሰው እንዳያይብኝ ልደብቀው ነበር የምሮጠው፣ እንዲህ እየሆነ ዓመታት ሄዱ።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የጠበቅኩት ስግደት ነበር። ስግደቱም አልቀረ፣ ግን "ጾር ነው፣ የሐሳብ ፈተና፣ በመነኮሳትም ይመጣል፣ ጸሎትህን ሳታቋርጥ ተጠራጠር" አሉኝ። ስለ ሹፌርነቱ ደግሞ ዝም ብለው ቆዩና "ማረስና መንዳት ለእኔ አንድ ነው፣ አንድ ነገር ግን እወቅ፣ ሳታስበው እንኳን ሰው ብትገድል ከመቅደስ ትቀራለህ" አሉ። በቃ ይቺን አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ። እኔ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

አሁን መሪ የያዝኩበት መኪና ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፣ ሰው ሲኖን ቀይ ሽብር ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ገላን ላይ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ ዱከም መሃል ላይ ባጃጁ ከየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ፣ አህያው፣ ጋሪው፣ ስልክ እያየች የምትሻገረዋ ልጅ። ማታ ደግሞ ይብሳል፣ ቀን ላይ ከባድ መኪና ከተማ መግባት ስለማይፈቀድለት የከተማ ጭነት ካለን ዳር ቆመን እንጠብቅና ሲፈቀድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚለቀቀው፣ እሽቅድምድም ነው። እኔ ቀስ ነው የምለው። ልጆቹ "ቄሱ ቅዳሴ ላይ ነው፣ ገና ወንጌል አልተነበበም" እያሉ ጡሩምባ እያስጮሁ ያልፉኛል። ይለፉኝ። በየቀኑ የምመልሳት ጭነት ከእነሱ ታንሳለች፣ ባለ መኪናው መጀመሪያ ላይ ቅር ይለው ነበር፣ ኋላ የጎማና የሸራ ወጪውን ሲያይ ዝም አለ።

ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ዳዊት በቃሌ እደግማለሁ፣ ልጅነቴን የፈጀሁበት ነገር ለዚህ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቤተ መቅደስ ውስጥ እየደገምኩት የማልሰማው የነበረ ቃል እዚህ ይሰማኛል፣ ለምሳሌ "እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ"፣ አቤቱ እስከ መቼ ትረሳኛለህ የሚለው። ዳዊት እኮ በግልጽ ነው የጮኸው። እኔ ያን እያነበብኩ ደሞዝ ስበላ ምንም አይመስለኝም ነበር፣ አሁን ረዳቴ ጎኔ ተኝቶ፣ ከፊቴ የቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ መብራት እየታየ "እስከ መቼ" ስል ራሴው የምጠይቀው ጥያቄ ይሆንብኛል፣ መልስ አላገኘሁም፣ ግን መጠየቄን ማንም ስለማይከፍለኝ የእውነቴን ነው።

ሐጂን አንድ ቀን ሰው ሳይሰማ ጠየቅኩት፣ ገላን ዳር መኪና አቁመን ሰዓት ስንጠብቅ ነው፣ እሱ የቀትሩን ሶላት ዝሁርን ሰግዶ ምንጣፉን እያጠፈ። "ሐጂ፣ ተጠራጥረህ ታውቃለህ?" አልኩት። ምንጣፉን ከወንበሩ ኋላ ወሸቀና ሲያስብ ቆይቶ፣ "ተጠራጥሬ ቆሜ አምኜ የጨረስኩት አለ፣ አምኜ ቆሜ ተጠራጥሬ የጨረስኩትም አለ፣ ዝሁር ግን ሁሌም ያው አራት ረከዓ ነው" አለኝ። ረከዓ የሚሉት የስግደቱን ዙር ነው። ከዚያ ሻይ እንጠጣ አለ። እኔ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ጉባኤዎች ብዙዎቹ ይቺን አያህሉም፣ ይሄን ለደብሩ አለቃ እንዳትነግሩብኝ።

የፍልሰታን ነገር ሳልጽፍ ብቀር ደግሞ አይሆንልኝም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የማስተምረው ነው። እመቤታችን ጥር 21 አረፈች፣ የተቀበረችው ነሐሴ 14 ነው፣ በ16 ተነሥታ ዐረገች። ቶማስ ሐዋርያው በቀብሩ አልነበረም፣ ህንድ ለስብከት ሄዶ ነበር፣ በደመና ሲመለስ ስታርግ መንገድ ላይ አገኛት፣ ሰበኗንም፣ የተገነዘችበትን ጨርቅ፣ ሰጠችው። ሐዋርያት ጋ ደርሶ ቀበርናት ሲሉት ያየውን ደብቆ "ሞት በጥር፣ በነሐሴ መቃብር፣ እንዴት ይሆናል" አላቸው። እነሱም "አንተ ድሮም ተጠራጣሪ ነህ" ብለው ሊያሳዩት መቃብሩን ቢከፍቱ የለችም። ያኔ ነው ሰበኗን አውጥቶ ያሳያቸው፣ ተካፈሉት፣ እኛ ካህናት መስቀላችን ላይ የምናስራት ጨርቅ የዚያ መታሰቢያ ናት። ስንት ዓመት ስሰብከው የእምነት ማነስ ተግሣጽ አድርጌ ነበር፣ ቶማስ በጌታ ትንሣኤ ጊዜ ካለማመኑ ጋር አያይዤ። ዘንድሮ ግን ዱከም ላይ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲለጠፍልኝ ቁጭ ብዬ ሳስበው ሌላ ነገር ታየኝ፣ አሥራ አንዱ በቀብሩ ላይ ነበሩ፣ ስታርግ ግን ያያት መንገድ ላይ የነበረው፣ ያ ተጠራጣሪ የሚሉት ሰውዬ ነው። ይሄንን ስብከት ላደርገው ብዬ ሐጂ ትዝ አለኝና ተውኩት።

እዚያው ጎሚስታ ቤት ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ጋቢና ውስጥ የተሰቀለችውን መስቀል አየች። "አባ ነዎት እንዴ?" አለችኝ፣ "ነኝ እናቴ" አልኳት፣ እጄ እስከ ክንዴ ግራሶ ነው። "ይባርኩኝ" ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች። ልታጠብ ስል "ኧረ ይተዉት፣ ግራሶ አይደል እንዴ" አለች። ሰበኗን ግራሶ እንዳይነካት በሁለት ጣቴ መስቀሉን ጫፉ ላይ ይዤ ባረክኳት። ከዚያ "ልጄ ሳዑዲ ናት፣ ስልኳ ከተዘጋ ሰነበተ፣ ደህና ትሆናለች?" አለችኝ። "አላውቅም እናቴ፣ ግን አብሬሽ እጸልያለሁ፣ ስሟን ንገሪኝ" አልኳት። የልጅቷን ክርስትና ስም ነገረችኝ። ቅር አላላትም፣ የቡናውንም ሂሳብ አልቀበልም አለች። ደብር ላይ ሆኜ "አላውቅም" የሚል ቃል ለምእመን ተናግሬ አላውቅም።

አገልግሎቱን በተመለከተ የጠየቃችሁኝ፦ እቀድሳለሁ፣ በፊት የነበርኩበት ደብር ሳይሆን ሰፈራችን ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ልዑካን ሲጎድላቸው ይጠሩኛል፣ ለቅዳሴ ከአምስት ሰው አይነስ አይደል፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። በነጻ ነው። ለዚያ 18 ሰዓት መጾም ስላለብኝ ከዋዜማው ጀምሮ መሪ አልይዝም፣ ተርቤ ሲኖ መንዳት የንስሐ አባቴን ማስጠንቀቂያ መርሳት ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ "ቄስ አግብቼ የሹፌር ሚስት ሆንኩ" እያለች ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን ቤት ስገባ ማኩረፌ ቀንሷል ትላለች፣ እሷ ካለች እንቀበል።

ቀጣዩ ተሳቢ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገውን ምድብ ለማውጣት ተመዝግቤያለሁ፣ ከዚያ ሐጂ የጅቡቲ መስመር ሊያስገባኝ ቃል ገብቷል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር ማራገፍና መመለስ። ተሳቢ ወደ ኋላ መመለስ ላይ ገና ነኝ፣ መሪውን በግልባጩ ማዞሩን ጭንቅላቴ ያውቀዋል፣ እጄ እምቢ ይላል። አዋሽን አልፋችሁ ሚሌና ጋላፊ የምትመላለሱ ካላችሁ ሁለት ነገር ጻፉልኝ፣ አንደኛ በዚያ ሙቀት የጎማ ንፋስ ጠዋት ላይ ስንት አድርጋችሁ ነው የምትነሱት፣ ሁለተኛ ደግሞ ዐቢይ ጾምን የምትጾሙ ኦርቶዶክሶች ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጡ በዚያ በረሃ እንዴት ነው የምትችሉት፣ ወይስ የንስሐ አባቶቻችሁ ሌላ ነገር ፈቅደውላችኋል?